ቀጭኑ ድምፅ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም።

እንደምን ከረምሽ? ያ ጉልበትሽን የሚይዝሽ ቁርጥማት ተወሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል? ልጆቹስ? ባለቤትሽስ? እኔን ብትጠይቂኝ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት የጥገና ሱቄን እከፍታለሁ። ደህና መሆን ይኼ ከሆነ ደህና ነኝ።

ስልክ አያነሣም ብለሽ እንደተቀየምሽኝ አክስታችን ነግራኛለች። ሐዘን ቢጸናበት ነው ብላ ልታስተባብልልኝ ስትሞክር፣ እኔንስ ሐዘን አልነካኝም ወይ አልሻት አሉ። እውነትሽን ነው። ቀጥሎ ደግሞ ያችን አንድ መስመር ጽፈሽ ላክሽብኝ፦ ተሻላት ብለኸኝ እንዴት ሞተች? ሁለት ወር ሙሉ በኪሴ ይዣት ዞርኩ። መልሱ አለኝ፤ ግን ከቴፑ ካልጀመርኩ አይገባሽም። እንደ ልማድሽ አታቋርጪኝ።

ዓምና ነው የጀመረው። በገዛ እጄ የሠራኋቸው ሁለቱ የድምፅ ሳጥኖች፣ እማዬ "ሰው ልጅ ያሳድጋል፣ የኔ ልጅ ሳጥን ያሳድጋል" እያለች የምትስቅባቸው፣ ቀስ በቀስ ደነዙብኝ። የጸናጽሉ ጭረት ጠፋ። ዘፋኟ ቃሏን ስትጨርስ የምታስወጣው ትንፋሽ ጠፋ። ሳጥኖቹ ላይ ብርድ ልብስ የተጣለባቸው ይመስል ነበር። ፈታሁ፣ ጠረግሁ፣ ገመድ ቀየርኩ፣ የቴፑን ራስ ሳይቀር ለወጥኩ። ወይ ፍንክች።

ሥራውን ያስተማረኝ ሽማግሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቃል ነበረው፤ መሣሪያ ይዋሻል፣ ጆሮ አይዋሽም ይል ነበር። ሠላሳ ዓመት በዚህ ቃል እንጀራዬን በልቻለሁ። ደንበኛው ቴፔ ደህና ነው ሲለኝ እኔ በጆሮዬ ሕመሙን አገኘው ነበር፤ ተሳስቼ አላውቅም። ስለዚህ ሁሉን ጠረጠርኩ፤ ገመዱን፣ ካሴቱን፣ መብራት ኃይልን ሳይቀር። ጆሮዬን ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም።

መፍትሔው ሱፐር ትዊተር ነው ብዬ ስነዘንዝሽ ታስታውሻለሽ። ሌላው ድምፅ ማጉያ የማይደርስበትን፣ ከቀጭንም ቀጭኑን ድምፅ ብቻ የምታወጣ፣ ሳጥኑ አናት ላይ የምትቀመጥ ቡጢ የምታህል ዕቃ። በዚህ ዕድሜህ መጫወቻ? ብለሽ ሳቅሽብኝ፤ ግን ላክሽልኝ። አንቺ መቼም አፍሽ እንጂ እጅሽ እምቢ አይልም። እንዳይሰበሩ ብለሽ ለእማዬ በገዛሽው ሻሽ ጠቅልለሻቸው ነበር፤ በዚያ ጠርዙ ሰማያዊ በሆነው ነጭ ሻሽ። ጥቅሉ ሲፈታ እሷ እጇን ለሻሹ፣ እኔ ለትዊተሮቹ ዘረጋን።

አሁን የምነግርሽን ስታነቢ አትቆጪ፣ ወይም ተቆጪ። ትዊተር ባዶ እንጨት ላይ ከተቀመጠች ትንዘረዘራለች፤ ከሥሯ ለስላሳ ጨርቅ ትፈልጋለች። ከግራዋ ሥር የአሮጌ ሹራቤን እጅጌ አደረግሁ። ለቀኟ እሱ አልበቃኝም። እማዬን ሻሽሽን ለጊዜው ልዋሰው አልኳት። ሳቀችና፣ "እንግዲህ ሳጥንህ ራሱን ይሸፋፈን፣ እኔ ባሮጌው እሆናለሁ" አለች። ያ ለጊዜው ያልኩት ጊዜ እስከ መጨረሻዋ ቀን አላለቀም።

ገጠምኳቸው፣ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። ምንም። እንደ ድሮው ድንዙዝ። ካፓሲተር የምትባል ወፍራሙን ድምፅ አስቀርታ ቀጭኑን የምታሳልፍ ትንሽ ዕቃ አለች፤ ትልቅ በሆነች ቁጥር ብዙ ታሳልፋለች። እሷ አንሳ ይሆናል ብዬ ተለቅ ያለች ገጠምኩ። አሁንም ምንም። ሌላ ተለቅ ያለች። ይኼኔ ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በሩን እየደበደበች መጣች። "አንተ ሰውዬ፣ መርፌ ነው እንዴ የምትለቅብን? ጥርሴን አሳከከኝ እኮ!" አለችኝ። ከሄደች በኋላ ለእማዬ፣ ምስኪን፣ ጆሮ የላትም አልኳት። እማዬ ትክ ብላ አየችኝ። አስተያየቷን እንደ መስማማት ቆጠርኩት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ተረቱ ለሐሜት ነበር የተተረተው፤ እኔ ዘንድ ሲደርስ ቃል በቃል ሆነ።

እማዬ ታማ አልጋ ከያዘች ወዲህ፣ አንድ ጠዋት የሆነ ነገር አቀብለኝ አለችኝ፤ ሻይ አፍልቼ መጣሁ። ብርጭቆውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። "ሻሽ አልኩህ እንጂ ሻይ አልኩህ? ሻይ ራሴ ላይ ልጠምጥመው?" ብላ ሳል እስኪይዛት ሳቀች። እኔም ስቄ፣ የፊት ጥርሶችሽ ከወለቁ ወዲህ ፊደል እየበላሽ ነው አልኳት። ብርጭቆውን ተቀበለችኝና፣ "ይሁን፣ ጥርሴ ነው" አለች። ከዚያ ወዲህ ሻሽ ስትፈልግ ቃሉን አትናገርም፤ እጇን ራሷ ላይ ታደርጋለች። ያኔ ከመኝታ የመነጨ ስንፍና መስሎኝ ነበር። አሁን አሁን ሳስበው፣ ከሰው ሁሉ በፊት ያወቀችው እሷ ናት። ጆሮው እንጀራው የሆነን ልጅ ጆሮህ ሄዷል ብላ ልትነግረው አልቻለችም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ድምፅዋ የደከመ ጊዜ ቃጭል ገዝቼላት ነበር። ገበያ ውስጥ ሃያውን ቃጭል እያቃጨልኩ፣ ሻጩን አሰልችቼ፣ ከሁሉ ጥርት ብሎ የሚሰማውን፣ ከሁሉ ቀጭኑን መረጥኩላት። እንዲያ ነው ሙያተኛነቴ። መጀመሪያ በቀን አሥር ጊዜ ታቃጭል ነበር፤ ኧረ እማዬ እጅሽን አሳርፊው እላት ነበር። እያደር አምስት ሆነ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ጸጥ። አንዳንዴ በአጋጣሚ ስገባ ቃጭሉን ደረቷ ላይ ይዛ በሩን ስታይ አገኛት ነበር። ጠርተሽኝ ነበር ወይ ስላት፣ "ኧረ አልጠራሁህም" ትለኛለች።

እና ምን አልኩ? ተሻላት አልኩ። አልጠራችኝምና አላስፈለግኋትም ብዬ። ለአንቺም ደስ ብሎኝ ነገርኩሽ፤ እናታችን በርትታለች፣ አትቸኩዪ፣ ዓመቱ ሲዞር ተረጋግተሽ ትመጫለሽ አልኩሽ። ሻንጣሽን የፈታሽው በኔ ቃል ነው። በዚያ ስልክ የነገርኩሽ ውሸት አልነበረም እታለም፤ ያልሰማሁት ቃጭል ነው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነበር። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። የመጨረሻዋን ትልቅ ካፓሲተር ገጥሜ፣ ቀጭን ድምፅ የሚፈተነው ቀስ ተብሎ ነውና ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ ወንበሬ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ። የእማዬ ክፍል በር ከወንበሬ አራት እርምጃ ነው፤ ገርበብ ብሎ ነበር። የካሴቱን አንዱን ገጽ ጨረስኩ፣ ገለበጥኩ፣ ሁለተኛውን ጀመርኩ። ትንሽ ለውጥ ያለ መሰለኝና ደስ ብሎኝ ነበር። ያንን ደስታዬን እስከ ዛሬ ይቅር ልለው አልቻልኩም።

ድንገት የጨፈንኩት ዓይኔ ላይ ጥላ አለፈ። ስገልጥ ልብስ ሰፊዋ፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ፣ ክሩ ቀሚሷ ላይ፣ ፊቴ ቆማ ትጮኻለች። "ድንጋይ ነህ እንዴ? እማማ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲያቃጭሉ አትሰማም? እኔ ከግድግዳው ወዲያ ሰምቼ እስክመጣ!" አለችኝ።

እማዬ ከአልጋዋ ወድቃ ወለሉ ላይ ነበረች። ቃጭሉ በእጇ ነው። አሮጌው ሻሽ ወልቆ ከአልጋው ሥር ገብቷል። ጎረቤታችን መኪና ልትጠራ ወጣች፤ እኔ አንሥቼ አልጋው ላይ መለስኳት። ምንም አትከብድም ነበር።

በተኛችበት አረፈች ብላ አክስታችን የነገረችሽ እኔ የነገርኳትን ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የዋሸሁት።

ከቀብሩ በኋላ ልብስ ሰፊዋ እጄን ይዛ ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሳጥን በመሰለች ጠባብ ክፍል አስገብተው ማዳመጫ አደረጉልኝ፤ ነርሷ ድምፅ በሰማህ ቁጥር ይቺን ተጫን አለችኝ። ሁለት ሦስት ጊዜ ወፍራም ወፍራሙን ሰምቼ ተጫንኩ። ከዚያ ቀጣዩን ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። ነርሷ በሩን ከፍታ ቁልፉን ከእጄ ወሰደች። መቼ ነው የሚቀጥለው አልኳት። "አልቋል እኮ" አለችኝ። ሐኪሙ ወረቀቱን አሳየኝ፤ መስመሩ ደህና መጥቶ መጥቶ መሐል ላይ ገደል ይገባል። ሥራህ ምንድን ነው አለኝ። በየአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ተከልኩ፣ ሠላሳ ዓመት ከአጠገቡ ቆምኩ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ቀጭኑ ነው አስቀድሞ የሚሄደው፣ ቃጭሉ፣ ወፉ፣ እነ ሰ እና ሸ፤ የሄደውም አይመለስም አለኝ። ቤት ገብቼ ትዊተሮቹን ለልብስ ሰፊዋ ከፈትኩላትና ምን ይሰማሻል አልኳት። ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። ሲሠሩ ነው የከረሙት፤ የላክሽው ዕቃ አንድም እንከን አልነበረበትም።

እታለም፣ ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ነገር ቀርቶኛል። ለልብስ ሰፊዋም አልነገርኳትም፤ መኪና ፍለጋ ወጥታ ነበር።

አልጋው ላይ ሳስተኛት እማዬ በሕይወት ነበረች። አፏን ጆሮዬ ላይ አድርጋ አንድ ቃል ተናገረች። ደገመችው። እጇን ለማንሣት አቅም አልነበራትም፤ እኔም ፊቷን አላየሁም፣ ጆሮዬን አምኜ። እሺ እማዬ፣ አሁን፣ አሁን አልኳትና ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩ። ውሃውን ጣድኩ። እስኪፈላ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁ። እንደምትወደው ሁለት ማንኪያ ስኳር አደረግሁበት፤ ትኩሱ እንዳያቃጥላት በሁለት ብርጭቆ እየገለበጥኩ አበረድኩት።

ይዤላት ስመለስ አልፋ ነበር። ከየት ባመጣችው አቅም እንደሆነ እንጃ፣ ቀኝ እጇ ባዶ ራሷ ላይ ነበር።

ሻሹን ከትዊተሯ ሥር አውጥቼ እኔው አሰርኩላት። አብሯት ሄዷል፤ የት ደረሰ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።

እንግዲህ መልሱ ይኼ ነው። ብትረግሚኝም አልፈርድብሽም፤ ግን በስልክ አትርገሚኝ፣ ግማሹ ያመልጠኛል። ጻፊልኝ። በፊደል ሲሆን ሻሽ ሻሽ ነው፣ ሻይም ሻይ።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ልጆችሽን ያቁምልሽ። ሲጠሩሽ የምትሰሚ ያድርግሽ።

ታናሽ ወንድምሽ