የአራተኛው ማሽን መከለያ

ብዕሩን የያዘችው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ቢሆንም በድስት ፋብሪካው ሠላሳ አንድ ዓመት ማሽን ስጠግን እጄን ያሸነፈ ማሽን አልነበረም። ዛሬ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ ሳንባዬ ቢደክምም አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዳቦ ጋጋሪውና ጡረተኛው ሾፌር በምስክርነት በተቀመጡበት ተናዝዣለሁ። ቶሎ ቶሎ ጻፊ እህቴ፤ ችሎቱ ሰኞ ነው፣ እኔ ሰኞን ለማየቴ ዋስ የለኝም።

አንደኛ፤ የምኖርባት ቤት ለሁለቱ ልጆቼ እኩል ትሁን። መሃሏ ላይ ግድግዳ የሚያቆም ካለ አልመረቅሁትም።

ሁለተኛ፤ የመፍቻ ሣጥኔ ለሴት ልጄ ይሰጥ። ወንድሟ ፒንሳዬን ሚስማር መምቻ ያደረገ ሰው ነው፤ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ሦስተኛ፤ መስኮቱን ክፈቱልኝ። አይ፣ ዝጉት፣ የመኪናው ጩኸት ያሳስተኛል። ሦስተኛው ዋናው ነው።

የዶሮዎቼ ቤት በር የሆነው የሽቦ መረብ የአራተኛው ማሽን መከለያ ነው። ቁጥሩ ከጎኑ ተመትቶበታል። ማሽኑ ብረቱን ሲጫን እጅ እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነበር፤ እሱ ካልተዘጋ ማሽኑ አይነሣም። የክፍሉ ኃላፊ “ሥራ ያጓትታል፣ አንሣው” አለኝ። አነሣሁት። ማሽኑ ያለ መከለያ እንዲሠራ ማብሪያውን በሽቦ አሰርኩት። “እንደ አንተ ያለ ባለሙያ የታለ!” ሲለኝ ደረቴን ነፋሁ። መከለያውንም ከሚጣል ብዬ ወደ ቤቴ ወሰድኩት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሳቂታዋ እያልን የምንጠራት ሠራተኛ የቀኝ እጇን አራት ጣቶች እዚያ ማሽን ላይ አጣች።

በማግስቱ ቢሮ ጠርተው ወረቀት ሰጡኝ። “አንብብና ፈርም” አሉኝ። መሐንዲሶቹ ተደርድረው ያዩኛል። አንብቡልኝ ማለት አፍሬ፣ ወረቀቱን እንደሚያነብ ሰው ከላይ እስከ ታች በዓይኔ አወረድኩት፤ ራሴንም ነቀነቅሁ። ፊርማ የምትመስል ጭረት ተለማምጄ ነበርና እሷን ጫርኩበት። ለካ ወረቀቱ “መከለያው በቦታው ነበር፤ ያነሣችው ራሷ ሠራተኛዋ ናት” ይላል። በዚያ ጭረት ካሳም ሕክምናም ተከለከለች። ይህን የሰማሁት ባለፈው ወር፣ ፋብሪካውን ከሳ ለሰኞው ችሎት ስትቀጠር፣ ከራሷ አፍ ነው። በሬ ላይ ቆማ “አባባ፣ ምን አድርጌዎት ነው?” አለችኝ። ሳቂታዋ አልሳቀችም።

አሁን ወንድ ልጄ ከወንበሩ ተነሥቷል። እዚያው ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። “አባዬ፣ እኔን ልታስባርረኝ ነው?” ይለኛል። ጻፊው፣ ይህም ይጻፍ። “ብትባረር ሁለት እጅህን ይዘህ ትወጣለህ” ብዬዋለሁ። ዳቦ ጋጋሪው “ተው አንተ ልጅ፣ ሽማግሌውን አታስቆጣው” ሲለው ደግሞ “እኔ ገና አልሞትኩም፣ ስቆጣ ራሴ እነግረዋለሁ” አልኩ።

ስለዚህ መከለያው ለሳቂታዋ ይሰጥ። ሰኞ ጠዋት ወንድ ልጄ ራሱ ተሸክሞ ችሎት ድረስ ያድርስላት፤ ካላደረሰ የቤቱ ድርሻው ለእህቱ ይሁን። ዶሮዎቹ ዛሬውኑ ሌላ በር ይፈለግላቸው። ቁጥሩ እንዳይፋቅ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይወልወል።

ለዳኞቹም ቃሌ ይህ ነው። መከለያውን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ያዘዘኝ የክፍሉ ኃላፊ ነው፤ እሷ አልነካችውም። ሕግ የሚፈልገኝ ከሆነ ይምጣ፣ አልጋዬ ላይ ነኝ።

ምስክሮች፦ ዳቦ ጋጋሪው ይፈርማል። ጡረተኛው ሾፌር ይፈርማል።

የእኔ አውራ ጣት ቀለም ነክቷል፤ ወረቀቱን ግን ገና አልነካም። አትጎትቺኝ እህቴ፣ መጀመሪያ አንብቢልኝ። ከላይ ጀምረሽ፣ አንዲትም ቃል ሳትዘይ፣ ጮክ ብለሽ፤ ልጄም ይስማ።