የባለ ግማሹ ክላርኔት ነፊ የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም ባለ ግማሹ እያልን የምንጠራቸው ክላርኔት ነፊ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። በአራት ዓመት የሚበልጧቸው ወንድማቸው ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ይህን እየሰሙ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረዋል። ዋናው ትምህርታቸው ግን ቤት ውስጥ ነበር። አባታቸው ለአንድ ሙዚቀኛ ሙሉ ልብስ ሰፍተው በምትኩ የተቀበሉት አሮጌ ክላርኔት ለታላቅየው ተሰጠ። ታላቅየው ከቤት ሲወጡ ታናሹ እንዳይነኩባቸው፣ አፍ ውስጥ የሚገባውን መንፊያ ነቅለው ኪሳቸው ይከቱት ነበር። ያለ መንፊያ ምን ሊያደርግ ብለው ነው። ታናሹ ግን ቱቦውን እንደ ዋሽንት ከንፈራቸው ሥር አስደግፈው ሲነፉበት ጮኸላቸው። ከዚያማ ማን ያቁማቸው! መሣሪያውን ከመሃል ፈትተው ግማሹን ብቻ ነፉ፤ ጫፉ ላይ ጣሳ ደፉበት፤ እየዘፈኑ ነፉ፤ ሳይነፉም ቁልፎቹን ብቻ እያንኳኩ ዜማ አወጡ። እናታቸው ይህ ልጅ ጤና የለውም ማለት አበዙ፤ ጎረቤት ደግሞ ባለ ግማሹ የሚል ስም አወጣላቸው። ስሙን ወደዱት።

በ1962 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማቸው በሚመሩት የከተማው ኦርኬስትራ ተቀጠሩ። በ1966 ዓ.ም. ከልብስ ስፌት መምህርቷ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆችን አፍርተዋል።

በ1971 ዓ.ም. በአንድ ትልቅ ዝግጅት ላይ ብቻቸውን በሚነፉበት ቦታ፣ መንፊያው ላይ የሚታሰረው ስስ ሸምበቆ ተሰነጠቀባቸው። ሌላ ሰው ቢሆን አጎንብሶ ይወጣ ነበር። እሳቸው መንፊያውን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱና ዜማውን እንደ ልጅነታቸው በባዶ ቱቦ ጨረሱት። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ታላቅየው ግን ፊታቸው ጠቆረ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሲገቡ፣ «ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩህን በአንድ ምሽት መሳቂያ አደረግኸው» አሏቸው። ታናሹም፣ «ጋሼ፣ እኔን ያስተማረኝ ኪስህ ነው» ብለው መለሱ።

ከዚያ በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ አልተነጋገሩም። ባለ ግማሹ ኦርኬስትራውን ትተው ከአንድ ወረቀት መሸጫ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የሙዚቃ መሣሪያ መጠገኛ ከፈቱ። ሙጫ ሙጫ በምትሸተው በዚያች ክፍል ያልገባ ክላርኔት የለም። የታላቅየውም ክላርኔት በሚስታቸው እጅ ይመጣ ነበር፤ መንፊያው ግን አንድም ቀን አብሮ አልመጣም። ባለ ግማሹ ሣጥኑን ከፍተው ቦታው ባዶ መሆኑን ባዩ ቁጥር ይስቁ ነበር፤ ስቀው ሲያበቁም ከሁሉ አስቀድመው ይጠግኑት ነበር። ወንድማቸውን ይናፍቁ ነበር፤ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል።

በ2011 ዓ.ም. በሳንባ ሕመም ተያዙ። ሐኪማቸው መንፋት ሲከለክሏቸው ክላርኔቱን ጭናቸው ላይ አጋድመው ቁልፎቹን ብቻ ያንኳኩ ጀመር። ባለቤታቸው ከማድ ቤት ሆነው የትኛው ዜማ እንደሆነ ይለዩት ነበር። በዚያው ዘመን ታላቅየው ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። አንዱ ጣት እያላቸው ትንፋሽ አጡ፤ ሌላው ትንፋሽ እያላቸው ጣት አጡ።

በ2012 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት በኋላ ታላቅየው ለማንም ሳይናገሩ መጥተው በር አንኳኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና መንፊያውን ከኪሳቸው አወጡ። «እኔ ልንፋ፤ ጣቱን አንተ አምጣ» አሉ። ፊት ለፊት ሆነው ቢሞክሩት እጅ ተገለባብጦ አልሆነም። ስለዚህ ባለ ግማሹ ከወንድማቸው ጀርባ ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን በታላቅየው ብብት ሥር አሳልፈው ክላርኔቱን ያዙ። ደረታቸው በወንድማቸው ጀርባ ላይ አረፈ። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ያስጠላ ስለነበር ሁለቱም ሳቁ፤ ቀጥሎ የወጣው ግን ዜማ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እንዲሁ ነፉ። ታላቅየው ክላርኔት እንዲህ አይነፋም ማለታቸውን አልተዉም፤ መምጣታቸውንም አልተዉም።

ባለ ግማሹ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው በቤታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው በሐዘን ላይ ይገኛሉ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ትንፋሽ በማያጥርበት ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም መጽናናቱን ያድልልን።

ይህ ተነቦ ሲያበቃ ታላቅ ወንድማቸው ክላርኔቱን በግራ እጃቸው ብቻ ደግፈው ይነፋሉ። ከባለ ግማሹ ልጆች አንዷ ጣቴን ላውስዎ ብትላቸው አይሆንም ብለዋታል። ቀዳዳው ሁሉ ክፍት የሆነ ክላርኔት አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ የምትሰሙትም እሱኑ ነው። ትንፋሻቸው ረጅም ስለሆነ እስኪጨርሱ ድረስ ከቦታችሁ እንዳትነሡ ቤተሰቡ በትሕትና ይጠይቃል።