ሦስት ለአንድ

ጥቅምት 3

ቀኑን ሙሉ ምድር ቤት። ሬዲዮ ጣቢያው ለእኛ ለጸሐፊዎቹ የሰጠን ክፍል መስኮት የለውም፤ ዝናብ መዝነቡን የምናውቀው ከላይ በሚወርዱ ሰዎች ጫማ ነው።

የእኛ አገር ጦርና የጎረቤታችን ጦር... እግረኛ በእግረኛ፣ ታንክ በታንክ፣ አውሮፕላን በአውሮፕላን ማወዳደር። ድንበሩ ላይ ነገር ከተጀመረ ወዲህ አለቃዬ ሌላ ሥራ ሰጥቶኝ አያውቅም። የሚያዳምጠን ሰው ግን ማን ይሆን? የበሩ ጥበቃና ሚስቱ ይመስሉኛል።

አመሻሽ ላይ እናቴ ቤት። ሚጡ በቴሌቪዥን። ታናሽ እህቴ፣ አፍንጫዋን ስጠርግላት ያደገችው። ሁለቱን አገሮች ታወዳድራለች። ቃሉ ሁሉ የእኔ! ባለፈው ሳምንት «እታለም፣ ያቺን ጽሑፍሽን እስቲ ላክ አድርጊልኝ» ብላ የወሰደችው። ስሜን አላነሳችም።

እማዬ አፏን ከፍታ ታያታለች።
«ይሄን ሁሉ ከየት አመጣችው ልጄ?»
«ታነባለች» አልኳት።
ምን ልበል ታዲያ?

ጥቅምት 5

ጥበቃው ጠዋት በሩ ላይ አቆመኝ። «እህትሽ አኮራችን» አለ። እሱም ቴሌቪዥን ነው ለካ የሚያየው።
ቀንቻለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ቀለል ይለኝ እንደሆነ ብዬ... አላለኝም።

ጥቅምት 11

«በታንክ ሦስት ለአንድ እንበልጣቸዋለን» አለች ሚጡ ትናንት ማታ በቴሌቪዥን። ፈገግ ብላ።

የእኔ ጽሑፍ እንደዚያ አይልም። ሦስት ለአንድ ይላል፣ ከዚያ ይቀጥላል፦ ከሦስቱ ግን ሁለቱ ሞተራቸው ወልቆ መጋዘን ቆመዋል፤ የሚንቀሳቀሰው ብቻ ከተቆጠረ ከጎረቤታችን እኩል ነን። እሷ «ግን» የሚለው ጋ ስትደርስ አቆመች።

ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ ሦስት ለአንድ፣ ሦስት ለአንድ። አንዱ ጎልማሳ «በሳምንት ዋና ከተማቸው እንገባለን» ሲል ረዳቱ መልስ መስጠቱን ረስቶ አጨበጨበ።

እኔ ደግሞ... ደስ አለኝ። ተሳሳተች ብዬ። አገር ጦርነት ሊገባ ነው፣ እኔ እህቴ ተሳሳተች ብዬ ደስ ይለኛል። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ለአለቃዬ ነገርኩት። «ጻፊዋ፣ እናወጣዋለን» አለ። ጻፍኩ። እንደዚህ ጣፍጦኝ ጽፌ አላውቅም። እያንዳንዱ ቃል ሚጥሚጣ። አለቃዬ ጋ ልወስደው ተነሳሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ነገ ይደርሳል አልኩ።

ጥቅምት 14

ወንድማችን ከድንበር ደወለ። ወታደር ቤት የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሁልጊዜ በቀልድ ነው የሚጀምረው።
«ሚጡ ዝነኛ ሆነች አሉ። ፊርማዋን አስቀምጪልኝ።»
«አንተስ? ፈቃድህ ደረሰ?»
«ተሰረዘ። የሁላችንም። ሰው እኮ ግጠሙ፣ ግጠሙ እያለ ነው። ሦስት ለአንድ ናችሁ፣ ምን ትጠብቃላችሁ ይሉናል በስልክ። የጓደኛዬ አባት ሳይቀር።»
«አንተ ምን ትላለህ?»
«እኔማ ምን እላለሁ? መኪና ነው የምነዳው።»

ስልኩን ከዘጋን በኋላ ያንን ለአለቃዬ ያልሰጠሁትን ሚጥሚጣ ጽሑፌን አወጣሁና አነበብኩት። ስለ ሚጡ ብቻ ነው። ስለ እሱ አንድ መስመር የለበትም።

ጥቅምት 15

ሚጡ ቤት ሄድኩ። ልጣላት ነው የሄድኩት፣ አልዋሽም። ገና ከሥራ መግባቷ፤ ግማሽ ፊቷ በሜካፕ፣ ግማሹ የልጅነት ፊቷ።
«የቀረው ዓረፍተ ነገር የት ሄደ?»
ምን እንደምል ገባት። «አዘጋጁ ቆረጠው። ሰው ይደብረዋል አለ።»
«አንቺስ?»
«እኔ የተሰጠኝን አነበብኩ።»
«ወንድምሽ እዚያ ነው።»
አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «እታለም፣ እኔ እኮ አንቺን ነው የምቀናብሽ። ያንቺን ማንም አይቆርጠውም» አለች።
«ማንም ስለማይሰማው ነዋ!»
ሳቅን። ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። በቀጥታ ሥርጭት አስተካክለዋለሁ አለች። አላመንኳትም።

ጥቅምት 18

አስተካከለችው።
«ባለፈው የነገርኳችሁ ግማሹን ነው» ብላ የቀረውን ተናገረች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «ይህን ያጠናችው እህቴ ናት» አለች መጨረሻ ላይ።
እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «ያንቺ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?»
ስንት ጊዜ የተመኘኋት ጥያቄ... እኔ ግን ምን እያሰብኩ ነበር? እውነት ስትናገርም አማረባት እያልኩ። አያልቅም ማለት ነው ይሄ ነገር።

ጥቅምት 20

ሚጡን ከፕሮግራሙ አነሷት። ስልኳን አጥፍታ እማዬ ቤት ተኝታለች። የማያውቃት ሁሉ ባንዳ እያለ ይጽፍላታል።

ከሰዓት አዘጋጁ ለእኔ ደወለ። ለእኔ! «ባለሙያዋ አንቺ ከሆንሽ ወንበሩ ያንቺ ነው» አለ። «ቁጥሩን ብቻ ቀለል አድርጊልን።»
እምቢ ማለት ነበረብኝ። እመጣለሁ አልኩ። መስታወት ፊት ቆሜም ኮት ለካሁ።

ጥቅምት 22

ሄድኩ። ፊቴን ተቀባሁ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ መብራቱ በራ። ደስ ይላል፤ ለምን እዋሻለሁ? ለልምምድ የሚነበበው ከፊቴ መጣ። «ግን» የለበትም።
«እዚህ ጋ የቀረ አለ» አልኩ።
«እሱን ተይው፣ ሰው ደስ ይበለው» አለ አዘጋጁ።
የወንድሜ ጓደኛ አባት ዓይኔ ላይ ድቅን አለ፤ አይቼው የማላውቀው ሰውዬ። «ግጠሙ» ሊለው እንደገና ለልጁ ሲደውል። ማይኩን ከኮቴ ፈታሁና ወጣሁ። ፊቴን ሳልታጠብ እማዬ ቤት ገባሁ። ሚጡ አየችኝና «የኔን ቀለም ነው የቀቡሽ» ብላ በፎጣ ትጠርገኝ ጀመር።

ኅዳር 9

ሚጡ ምድር ቤት ከእኔ ጋር መሥራት ከጀመረች ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። አለቃዬን የለመንኩት እኔ ነኝ። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ እመልሳለሁ። የሁለቱ አገር ጦር፣ ምንም ሳይቆረጥ። ሰው ይሰድበናል፤ ቢሆንም ያዳምጣል። ጥበቃው ጠዋት መጀመሪያ ሰላም የሚለው እሷን ነው። አዎ፣ ያንገበግበኛል።

ዛሬ ወንድማችን ደወለ። እዚያው ነው፣ ፈቃዱም አልተመለሰም። ግን እስካሁን ተኩስ የለም። ሚጡ ስልኩን መሃላችን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።
«ካምፕ ውስጥ ሬዲዮ ከፍተን ሰማናችሁ» አለ።
ሰማናችሁ። ሰማናት አላለም።