ከእናንተ ግቢ የተነሣው ገለባ

ውድ ሸዋገነት፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ በሚካኤል አማላጅነት እስከ ዛሬ አለን። «ምነው ዝም አልሽ? ተቀየምሽኝ እንዴ?» ብለሽ ከአስመራ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። እንደምታውቂኝ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም፤ ትምህርት ቤት ሳለን መምህሩ ሲጠይቀኝ እንኳ አንቺ ነበርሽ የምትመልሽልኝ። ወረቀት ግን አያፈጥብኝም፤ እስቲ ልሞክር።

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው። ጎንደር እንደ ልማዷ ጥራጊዋን እያቃጠለች ከላይ እስከ ታች ጢስ ለብሳለች።

ዓምና ከበዓሉ በፊት በዋለው ቅዳሜ፣ ገበያ ላይ አዋጅ ነጋሪው የለፈፈውን አብረን ሰምተናል። ጥራጊ በጉድጓድ ይቃጠል፤ ከቤትና ከአጥር ይራቅ፤ ውኃ ይቅረብ፤ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ ይለቅ፤ አመዱም እስኪበርድ አፈር ለብሶ እዚያው ይቆይ። አንቺ የነጋሪውን ድምፅ እያስመሰልሽ በሳቅ ገደልሽኝ። እማየ ግን አንዲት ቃል ሳትጥል ያዘችው። አባየ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ካረፈ ወዲህ የቀረን ተማሪዎቹ የከደኑልን የሣር ቤት ብቻ ነበር፤ እሳት ትፈራለች። በበዓል መሬት አይቆፈርምና ጉድጓዱን በዋዜማው ቆፈረች። በማለዳ ውኃ የሞላ እንስራ አጠገቧ አስቀምጣ አቃጠለች፤ ሲያበቃ አፈሩን በእግሯ መልሳበት ወደ ቅዳሴ ሄድን።

አባትሽ ግራዝማች ዋኘው ከቅዳሴ መልስ ከእንግዶቻቸው ጋር ሲጠጡ ቆዩ። ግቢያችሁ የተለኮሰው ነፋሱ ከተነሣ በኋላ ነው። እኔና አንቺ ደረጃችሁ ላይ ተቀምጠን ነበር። እማየ ከአጥሩ ማዶ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «ግራዝማች፣ ነፋሱ ከፍቷል፤ ለነገ ማለዳ ቢያሳድሩት ምናለበት?» አለች።

«ወይዘሮ ለተ ማርያም፣ አዋጁ እኮ ለሣር ቤት ነው» አሏት እየሳቁ። «የእኔ ቤት ቆርቆሮ ነው። ምኑ ይነዳል?»

ከእንግዶቹ አንዱ፣ የመሪጌታ ሚስት ውዳሴ ማርያም ጨርሳ አዋጅ መድገም ጀመረች ብሎ አሳቃቸው። እማየ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ተመለሰች። ከዚያ አባትሽ የአሮጌውን ፍራሽ ገለባ እሳቱ ላይ አራገፉት። አንድ እፍኝ ገለባ እንደነደደ ተነሣና በቆርቆሯችሁ ላይ አልፎ ሄደ። ክንዴን ይዘሽ፣ «እይው፣ እይው፣ እንደ ወፍ! ወደ እናንተ ሄደ» አልሽኝ።

ወደ እኛ ነው የሄደው። ጎረቤት ውኃ ይዞ እስኪደርስ ክዳኑ ወደ ውስጥ ተደረመሰ። እማየ የአባየን ድጓ ላውጣ ብላ ገብታ ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ ተቃጠለ። ድጓውም አልወጣም።

በማግሥቱ ከማዘጋጃ ቤት ሊያጣራ የመጣው ሰው የእናንተን ግቢ ንጹሕ ሆኖ አገኘው፤ አሽከራችሁ ሳይነጋ አመዱን ጠርጎ ቀሃ ወንዝ ጥሎታል። የእኛ አመድ ግን እንደታዘዘው አፈር ለብሶ በጉድጓዱ ውስጥ ነበር። ሕጉን የጠበቀችው ሴት ግቢ አመድ ተገኘ፤ ያላከበሩት ሰውዬ ግቢ ምንም አልተገኘም። ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። እሳቱ ከእናንተ ግቢ ከሆነ አባትሽ ቤታችንን መልሰው ሊሠሩልን፣ ከራሳችን ከሆነ ጉዳቱ የራሳችን ሊሆን ተባለ። በዚያ ላይ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች በመንገድ ዳር የተቃጠለ ቤት ዳግመኛ በሣር አይከደንም ብለውናል። ቆርቆሮ ከየት እናመጣለን?

ሽማግሌዎቹ ከጥዱ ሥር ሲቀመጡ እኔ ለመናገር ተነሣሁ። ሽማግሌው አያ ቢያዝን ግን ለእናቷ የምትናገር ልጅ ምስክር አትሆንም፣ ተቀመጪ አሉኝ። ያን ጊዜ እማየ ወደ አባትሽ ዞረች።

«እንግዲያው የእርስዎን ልጅ ጠርቻለሁ፤ በቃሏ ልርታ ወይም ልረታ» አለች። «ከእጄ የጎረሰች ልጅ ናት።»

ሽማግሌዎቹ በስምምነት ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በባላጋራ ልጅ ቃል መርታት ወይም መረታት የቆየ ልማድ ነው፤ የሚጎዳው ያመነ ሰው ብቻ ነው። አያ ቢያዝን ሚካኤልን ይዘሽ ያየሽውን ተናገሪ አሉሽ። አባትሽ አላዩሽም፤ በዘንጋቸው መሬት ይጭሩ ነበር። አንቺ እማየን አየሻት። በጨርቅ የተጠቀለለ እጇንም አየሽው።

«ጠዋት ከእነሱ ግቢ ጢስ ሲወጣ አይቻለሁ» አልሽ። «ሌላ አላየሁም።»

ፊተኛው እውነት ነው። ለዚህ ነው የኋለኛውን ሁሉም ያመነሽ።

እማየ አልጮኸችም፣ አልረገመችሽም። «ቃል ሰጥቻለሁ፤ ተረትቻለሁ» ብላ እጅ ነሥታ ወጣች። በሳምንቱ አንቺ በአውቶቡስ አስመራ ወዳለችው አክስትሽ ሄድሽ፤ እኔ ትምህርቴን ተውኩ።

ስለ ቤታችን ጠይቀሽኛል። ቆርቆሮ ማልበስ ስላልቻልን ቦታው ለአባትሽ ቀረ፤ ዛሬ የጭነት ማኪናቸው ማቆሚያ ነው። እኛ ከጓሯችሁ ባለችው ክፍል ተጠግተናል። ሰዉ ግራዝማችን ያመሰግናል፤ ሰፈሩን ልታነድ የነበረችውን መበለት አስጠጉ ይላል። ገበያ ስንወጣ እማየን «ቤት አቃጣይዋ» ይሏታል። ያልሰማች መስላ ጨው ትመርጣለች።

ደግሞ «ልጅነት ነበር፣ እርሺው» ብለሽ ጽፈሻል። ሸዋገነት፣ እኔም እኮ ልጅ ነበርሁ። እርሺው የሚባለው ለሁለት ነው ወይስ ለአንድ ሰው? ማታ ማታ እማየ እጇ ሲቆጠቁጣት ቅቤ እቀባታለሁ፤ ያን ጊዜ የትኛውን እንደምረሳ ንገሪኝ።

ዛሬ ማለዳ አባትሽ ጠሯት። ወይዘሮ ማለቱ ቀርቷል። «አንቺ እሳት ታውቂያለሽ፤ ጥራጊውን አንቺው አቃጥይው» አሏት። ቀኝ እጇ እንስራ አያነሣም፤ ውኃውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ጉድጓዱን ትናንት አብረን ቆፍረነዋል። ነፋስ ሳይነሣ ጨርሰን አፈር አልብሰነዋል። አባትሽ ከደረጃው ላይ ሆነው፣ ሸጋ ነው፣ እንዲህ ነው እንጂ አሉ።

አመዱ እስኪበርድ ጠብቂ ተብዬ፣ ይህን የምጽፍልሽ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ከእንግዲህ ደብዳቤ አትላኪልኝ። ለዓመት በዓል ስትመጪ በሩን የምከፍትልሽ እኔ ነኝ፤ ዕቃሽንም አስገባለሁ። ከዚያ ያለፈ ከእኔ አትጠብቂ።

ለራሴ ግን አንድ ቃል ሰጥቻለሁ። እንደምታውቂኝ ዓይን አፋር ነኝ። ከእናንተ ግቢ አንዲት የነደደች ገለባ ብትነሣ ግን፣ የማንም ቤት ላይ ትሂድ፣ አባትሽ ፊት ቆሜ አይቻታለሁ ብዬ እጮኻለሁ።

ከቆርቆሯችሁ ሥር የተጠጋችው፣
ይመኙሽ ኃይለ ጊዮርጊስ