አማችህ ችሎት ፊት

ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ
ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአኩራፊው ለሩሀማ አባት፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የሰመራ ሙቀት ከባድ ነው ሲሉኝ ደም ግፊትህን እያሰብኩ ስንቴ ደወልኩልህ፤ አታነሳም። እንግዲህ ወረቀት ይጮህብህ እንደሁ ብዬ ይኸው ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። የሚያደርስልህ ጎረቤታችን ሰኢድ ነው፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ። "እጁ ላይ ሳታስቀምጥ እንዳትመለስ" ብዬ አስጠንቅቄዋለሁ፤ ስለዚህ ደብዳቤው አልደረሰኝም የምትለው ነገር አይሠራም።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ አልፎ አልፎ ያስቸግረኛል። ሩሀማም ደህና ናት፤ ስለ እሷ በኋላ እነግርሃለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ወንድምህ አሰፋ ቤታችንን ሊሸጥ ነው። አዎ፣ ይሄንኑ የምሥራቁን ቤት። አንተ የመንገድ ቅየሳ ላይ ሳለህ፣ አጥሩን እንዲያሠራልን ብለህ የሰጠኸው ሙሉ ውክልና ነበር አይደል? እሱን ይዞ፣ ገዢ አስከትሎ ግቢዬ ገባ። ሳሎኑን አሳየው፣ መኝታ ቤቱን አሳየው፣ ጓዳዬን ሳይቀር ከፍቶ አሳየው! ያልታጠበ ድስቴን ማንነቱን የማላውቀው ሰው ቆሞ አየው። "ምን እየሆነ ነው ጋሼ አሰፋ?" ብለው፣ "አንቺና ወንድሜ ተለያይታችኋል፤ ትዳሩ ካለቀ ቆይቷል፤ ባለቤቱ ደግሞ እሱ ነው" ብሎኝ እርፍ።

እኔ ዝም የምል መሰለህ? ከሰስኩ። ሽያጩ እንዲታገድ አመለከትኩ።

ጠበቃዬ ማን እንደሆነ ስነግርህ ወይ ትስቃለህ ወይ ትናደዳለህ። አልአዛር ነው። አማችህ! ሰርጉ በአንተ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን በእኛ ሆነ ብለህ፣ በማግስቱ ሻንጣህን አንጠልጥለህ የወጣህበት ልጅ። እስከ ዛሬ ባንክ ውስጥ ተቀምጦ የብድር ውል ሲያነብ የኖረ ነው። የጥብቅና ፈቃድ ያወጣው በቅርቡ ነው፤ ችሎት ፊት ቆሞ አያውቅም። ሌላ ሰው ልፈልግ ስለው "እማዬ፣ እምነት ይኑርዎት" አለኝ። በጌታ እምነት አለኝ፤ ያጣሁት በእሱ ላይ ነበር።

ትላንት ቀረብን። የሰርጉን ሱፍ ለብሶ መጣ። ሩሀማ እያበላች አወፍራው ቁልፉ አልዘጋ ብሎታል። ዳኛዋ መነጽር ያደረጉ ረጋ ያሉ ሴትዮ ናቸው። "የአመልካች ጠበቃ፣ ማስረዳት ይችላሉ" አሉት። ብድግ አለ። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። እንደምታውቀው ልጁ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ፕሮግራም መሪ ነው፤ ሕዝብ ፊት መቆም የሚያውቀው እዚያ ብቻ ነው። ሕዝቡን አየ፣ ዳኛዋን አየ፣ ከዚያ እጁን ከፍ አድርጎ ምን ቢል ጥሩ ነው?

"ወገኖች፣ እስቲ ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን በጸሎት እንቁም!"

የሩሀማ አባት፣ እኔ ራሴ ቆምኩ! ልማድ ነዋ። ተራቸውን የሚጠብቁት ባለጉዳዮች ግማሾቹ ተነሡ። በር ላይ ያለው ፖሊስ ኮፍያውን አወለቀ። ወንድምህ አሰፋ ደንግጦ ሦስት ጊዜ አማተበ። ከኋላ አንዲት እናት "አሜን፣ ተባረክ!" አሉ። ልጁ ሁለት ቃል እንደጸለየ የት እንዳለ ትዝ አለውና ዓይኑን ገለጠ። ደረቀ። "ክቡር ፍርድ ቤት... ይቅርታ... ልማድ ሆኖብኝ ነው።"

ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ከንፈራቸው ዳር ላይ ሳቅ እንደነበረ በዓይኔ አይቻለሁ። "ጸሎቱን መዝገብ ላይ አናሰፍረውም። ወደ ክርክሩ ይግቡ" አሉት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ቤቴ እኮ በዚህ ልጅ አፍ ላይ ነው የተንጠለጠለው!

የአሰፋ ጠበቃ ማቴዎስ የሚባል የሸመገለ ሰው ነው፤ ችሎቱን እንደ ቤቱ ነው የሚንጎራደድበት። አሰፋን አስነሥቶ ጠየቀው፤ አሰፋም እሷ ቤቱ ላይ ምንም ድርሻ የላትም ብሎ ይዘረዝር ጀመር። ዳኛዋ አልአዛርን አዩትና "ተቃውሞ አለዎት?" አሉት። "አለኝ ክቡር ፍርድ ቤት፤ ግን ጋሼ ይጨርሱ ብዬ ነው።" አቤት! በዚህ ላይ አሰፋን ሳል ያዘው። ጠበቃዬ የእኔን የውኃ ኮዳ ከእጄ ወስዶ፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አቀረበለት። ለባላጋራዬ! የሚስቱ አጎት ነው፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ምን ያድርግ። ልቀፈው ወይስ ልቆንጥጠው ግራ ገባኝ።

ግን ስማኝ። የመጠየቅ ተራው ሲደርስ አልአዛር እንዲሁ አንገቱን እንደደፋ "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ቤት ሲሠራ እርስዎ ነበሩ?" አለው። "ነበርኩ።" "እማዬስ ምን ያደርጉ ነበር?" አሰፋ ውኃውን አየ፣ እኔን አየ። አሰፋ ክፉ ሰው እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ። "እውነት ለመናገር፣ ብሎኬቱን ስታቀብል የነበረችው እሷ ናት። ሆዷ ገፍቶ እንኳ እምቢ ብላን" አለ። ሩሀማን አርግዤ ሳለሁ ማለቱ ነው። ማቴዎስ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ።

እሱም ታዲያ ዋዛ አይደለም። ወደ እኔ ዞረ። "ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ባለቤቴ የሚሉትን ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?" አለኝ። "ከልጄ ሰርግ ማግስት" አልኩ። "ከዚያ ወዲህ ደውሎልዎታል?" "አልደወለም።" "የሚኖርበትን ቤት ያውቁታል?" "አላውቀውም።" ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠልኝ። ሰለሞን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም። "እንግዲህ ይህ ትዳር ስሙ ብቻ ነው የቀረው" ብሎ ተቀመጠ። ትዳሩ የለም ከተባለ ደግሞ ቤቱን ያለ እኔ ፈቃድ ይሸጡታል። ያበቃልኝ መሰለኝ።

አልአዛር ተነሣ። "እማዬ" አለኝ። ዳኛዋ "ደንበኛዎን በስማቸው ይጥሩ" አሉት። "እሺ ክቡር ፍርድ ቤት። ወይዘሮ እማዬ" አለ። ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። እሱ ግን አልሳቀም። "አባባ ዛሬ ማታ መጥተው ቢያንኳኩ ይከፍቱላቸዋል?"

ይሄንን ጥያቄ ቤት ውስጥ አላጠናነውም። ማቴዎስ ፈገግ ሲል አየሁት፤ ልጁ ተሳሳተ ማለቱ ነበር። እኔ ደግሞ የተናደድኩብህን ሁሉ አሰብኩ። እዚያው የወባ ትንኝ ይብላው ልል ነበር፤ እውነቴን ነው። አንደበቴ ግን ቀደመኝ።

"መቼ ተዘግቶበት ያውቃልና ነው የምከፍትለት?" አልኩ። "እሱ ከሄደ ጀምሮ የግቢውን በር ከውስጥ ሳልቀረቅር ነው የማድረው። ጎረቤት ሌባ ይገባብሻል ይለኛል። ቁልፉን ጥሎ ስለሄደ፣ ቢመጣ ውጭ እንዳይቀር ብዬ ነው።"

ከዚያ በኋላ አለቀስኩ። ሰው ፊት፣ ፖሊስ ፊት። አልአዛርም አብሮኝ ያለቅሳል፤ ዳኛዋ "ጠበቃ፣ መቀመጥ ይችላሉ" እስኪሉት ድረስ እንደ ምሰሶ ቆሞ ቀረ።

ፍርድ ቤቱ ሽያጩን ለጊዜው አግዶታል። ለኅዳር 25፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት ደግሞ አንተ ራስህ እንድትቀርብ አዟል። ወኪል አይበቃም ብለዋል። ቤቱ ይሸጥ ማለትህንና አለማለትህን፣ ትዳርህም ይኑር አይኑር በገዛ አፍህ እንድትናገር ነው። የዚያን ቀን ካልመጣህ በቀረበው ወረቀት ብቻ ይወስናሉ።

ስንወጣ አማችህ ምን እንዳደረገ ልንገርህ? የአሰፋን ቦርሳ ተሸክሞ ባጃጅ ጠራና ሦስታችንንም አንድ ላይ ጫነን። ከሳሽና ተከሳሽ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን መጣን! መንገድ ላይ አሰፋ "ሰለሞን ሽጥ አላለኝም" አለኝ። "ምን ልታደርግ ነው ሲለኝ፣ ቤቱን ሸጬ እዚያ ሰመራ አንድ ክፍል ቤት ልግዛልህ አልኩት፤ የሰው ቤት ነው ያለው፣ አሳዘነኝ። እንደፈለግክ አድርግ አለኝ።" የአንተን "እንደፈለግክ" ደግሞ እኔ ነኝ የማውቀው። "እንደፈለግሽ" ስትለኝ አንዴም እሺ ማለትህ ሆኖ አያውቅም፤ ከፍቶሃል ማለት ነው። አሰፋ ይሄን ከየት ይወቀው።

ቤት ስንደርስ አልአዛር "መልሱን የማታውቀውን ጥያቄ ችሎት ላይ አትጠይቅ ብለው ነበር ያስተማሩን" አለኝ። "ታዲያ ለምን ጉድ ልትሠራኝ ጠየቅከኝ?" ስለው "አውቀው ነበር እማዬ" ብሎኝ ጫማውን ሊያወልቅ ገባ። ሰለሞን፣ ይሄ ልጅ ጥሩ ልጅ ነው። ቀረብ ብትለው ትወደዋለህ።

ሩሀማ "እንዳትጽፊለት፣ ሲመጣ ራሱ ይየው" ብላኝ ነበር፤ አልቻልኩም። ነፍሰ ጡር ናት፤ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ሆዷን ይዛ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ነው የምትመስለው። ስም የምታወጣው አንተ ነህ ብላለች፤ አልአዛርም ተስማምቷል።

ጌታ በመንገድህ ሁሉ ይቅደምልህ። ገብርኤልህም ከጎንህ አይለይ፤ ይሄን መጻፌን ግን ለፓስተራችን እንዳትነግርብኝ። መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ውሰድ። ሰኢድ ሲመለስ ቦታ አለው፣ ጋቢናው ባዶ ነው፤ ጠይቄዋለሁ።

ደግሞ ስትመጣ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት እንዳትሄድ። እዚያ የምትናገረውን ምንም ይሁን ምን መጀመሪያ እኔ ልስማው። ቀድመህ ቤት ና።

ባለቤትህ፣
ወርቅነሽ