ሰው የማያድርበት ማማ

ጅጅጋ፣ ኅዳር 9 ቀን 1980 ዓ.ም.

ከልጄ ከብርሃኑ ጋር በዐረብ አገር ባሕር ላይ ጋዝ የሚያወጣው ዑመር በሶማሊያ ድንበር፣ በቶጎጫሌ በኩል መጥቶ ዛሬ ቤቴ ገባ። ስለ ሥራቸው ስጠይቀው ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ከሳህኑ አርቆ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ብርጭቆው ጉድጓዶቹ ያሉበት ትንሹ የብረት ማማ ነው። ጋዙ በዚያ ወጥቶ፣ በባሕር ሥር ባለ ቧንቧ ወደ ሳህኑ ይሄዳል። ሳህኑ ትልቁ ማማ ነው፤ ውሃውን ለይቶ ጋዙን ወደ የብስ ይገፋዋል። የምንበላውም የምንተኛውም እዚያ ነው። ትንሹ ላይ ሰው አያድርም፤ ጠዋት በጀልባ ሄደን የጉድጓዶቹን መዝጊያዎች አይተን እንመለሳለን።»

«ብርሃኑስ?»

«ትልቁ ላይ ሲያስቀን ነው የሚያመሸው። የእናቱን ሞት ከሰማ ወዲህ ግን ሁልጊዜ ትንሹ ላይ ልሂድ ይላል። አብሮት የሚሄደው ሕንዳዊ ቋንቋችንን አይሰማም። ወላሂ፣ ሕንዳዊው እንደነገረኝ እዚያ ‹እማ፣ እማ› እያለ ያለቅሳል።»

እሷ ስትሞት እኔ ሳለቅስ ጎረቤቱ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ክንዴን ይዞኝ ነበር። እሱን ማን ይያዘው?

ዑመር ሲነሣ «ምን ልበልልዎት?» አለኝ። ይምጣ እንዳልል፣ ከመጣ ለውትድርና ይወስዱብኛል። እስከ በር ሸኘሁት።

ሲመሽ ለሚስቴ ነፍስ ልጸልይ ቆሜ ቃሉ ጠፋኝ። ጀልባዋ በየቀኑ ከትንሹ ማማ ሰው ወዳለበት እንድትመልሰው ብቻ ለመንኩ።