ለእንግዶች የመረጥሁት መንገድ

ይድረስ በአስመራ ለሚገኘው፣ ከአባት ቀጥሎ ለማከብረው ታላቅ ወንድሜ ለአያ ነጋ።

እንደምን ሰንብተሃል? ከሐዘኑ ወዲህ እህል ይወርድልሃል ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ብርድ ሲመጣ የሚነሣብህ የጎን ውጋትስ ተሻለህ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሥጋዬ ደህና ነኝ። የቀረውን ባትጠይቀኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ አንተ ግን ጠይቀኸኛል።

ደብዳቤህ ባለፈው ዓርብ ደረሰኝ። እምዬ በታኅሣሥ ስትጠራህ ምነው ሳትሄድ ቀረህ፣ በማኪና አንድ ቀን፣ በእግር ሁለት ቀን አይደለም ወይ ብለሃል። በአጠገብህ ሆኜ በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። አንብበህ ይቅር ልትለኝም ልትቆርጠኝም ትችላለህና ሳልደብቅ እጽፍልሃለሁ።

እንደምታውቀው፣ የቅኔውን ትምህርት ትቼ እንግሊዝኛ ከቀመስሁ ወዲህ አገር ለማየት የሚመጡ እንግዶችን እመራለሁ። በታኅሣሥ አለቃዬ ጠርቶ፣ ዐሥራ አንድ እንግሊዞች ለጥምቀት እንደሚመጡና ከበዓሉ በኋላ ስምንት ቀን በእግራቸው መሄድ እንደሚሹ ነገረኝ፤ የተዋበውን አገር አንተ ምረጥላቸው አለኝ። ዕረፍት የሚሉት ዳገት መውጣትን መሆኑን ለእምዬ ብነግራት እንዴት እንደምትስቅ አሰብሁ። እንፍራንዝ ነበረልኝ፤ የጉዛራን ግንብና ሐይቁን በአንድ ላይ ያያሉ፣ መንገዱም አያደክምም። በትክል ድንጋይ በኩልም ሸጋ አገር አለ። እኔ ግን ስሜንን መረጥሁ። ለአለቃዬ ስለ ገደሉና ስለ ዋልያው ብዙ አወራሁለት። እውነቱ ግን የአፋፉ መንገድ በአምስተኛው ቀን ወደ እናታችን ደጅ ስለሚወርድ ነው።

የእምዬ መልእክት የደረሰኝ በዚያው ሳምንት ነው። እኅታችን አየለች በገበያተኛ በኩል፣ ከአልጋ መነሣት አቅቷታልና ቶሎ ድረስ ብላ ላከችብኝ። ፈቃድ ብጠይቅ አለቃዬ አይከለክለኝም ነበር። አልጠየቅሁም። ከጥምቀት በኋላ ከእንግዶቹ ጋር እደርስ የለም ወይ አልሁ። ደግሞም፣ አያ ነጋ፣ ልታይ ብዬ ነው። ድቁናውን ጥሎ ከተማ ለከተማ ይዞራል እያሉ ሲያሙኝ በነበሩት ሰዎች ፊት ዐሥራ አንድ ፈረንጅና ያን ሁሉ በቅሎ አስከትዬ ብገባ፣ እምዬ ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ደስታው ግን ለእኔው ነበር።

በአራተኛው ቀን ጎረቤታችን አያ አድማሴ ዳገቱን ወጥቶ ተቀበለን። እምዬ እንዴት ናት ብዬ ብጠይቀው፣ ሸጋ ናት፣ አንተ ብቻ እንግዶችህን በደህና አድርስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ከፊታችን እየቀደመ፣ ያገኘውን መንገደኛ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያነጋግር ጀመር። ሰዉም እኔ ስደርስ ሰላምታውን አሳጥሮ ያልፋል። እኔ ሞኙ፣ ስለ ትልቅነቴ እያወራልኝ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ከቀትር በኋላ ቀያችን ቁልቁል ወለል ብሎ ከሚታይበት አፋፍ ደረስን። እንግዶቹን ሰብስቤ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለችው ሣር ቤት የእናቴ ናት፣ ነገ እዚያ እናርፋለን አልኋቸው። አንዲቱ ሴት በሩቅ ማያ መነጽሯ አይታ፣ ግቢው በሰው ተሞልቷል አለችኝ። ሣቅሁ። እናቴ እናንተን ልትቀበል አገሩን ጠርታ ነው አልኋት። ሁሉም አጨበጨቡልኝ፤ ቤቱንም ፎቶግራፍ አነሡት። ያ ሁሉ ሰው ለእናታችን ሣልስት የተሰበሰበ ለቀስተኛ ነበር።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አያ አድማሴ የነፍስ አባታችንንና ሦስት ሽማግሌዎችን ይዞ ከድንኳኔ ደጅ ቆመ። ገና ሳይናገሩ ገባኝ። አያ አድማሴን አልተቀየምሁትም፤ መርዶ በወጉ እንዲያ ነው፣ እህል ቀምሼ እንዳድር ብሎ ነው የደበቀኝ። ጩኸቴን ሰምተው እንግዶቹ ወጡ። ያቺ ሴት መነጽሯን ከአንገቷ አውልቃ በልብሷ ውስጥ ስትሸሽግ አየኋት።

አየለች እንደ ነገረችኝ፣ እምዬ አንተን በስምህ ጠርታ መርቃሃለች። እኔን መቼ ይመጣል ብላ ጠይቃ፣ ከጥምቀት በኋላ ከፈረንጆች ጋር ብትላት፣ ብቻውን ቢመጣ ምን ነበረበት አለች። ሌላ አልጨመረችም። ይህን ከማንም ሳትሰማ ከእኔ ስማው ብዬ ነው የጻፍሁልህ።

አሁን አለቃዬ፣ እንግዶቹ አገሩን በጣም ወደውታልና ለመጪው ዓመትም እዚያው ምረጥ ይለኛል። እንፍራንዝ ይሻላል አልሁት። ለምን እንደሆነ አልነገርሁትም።

አርባዋ የካቲት ሃያ አራት ቀን ነው። ልብህ ከፈቀደ፣ በዛሪማ አድርገህ ሊማሊሞን ውጣና ደባርቅ ላይ ውረድ፤ እዚያ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ካልመጣህም አልፈርድብህም። ብትመጣ ግን በአፋፉ አልወስድህም። በሸለቆው የሚሄደው መንገድ ይረዝማል፣ አቧራውም ያንቃል፣ ለዓይን የሚሆን ነገርም የለው። ነገር ግን ከደጃፉ እስክንቆም ድረስ ቤቱ አይታይም።

ለባለቤትህ ለእመት ሰብለ ወንጌል እጅ ነሥቻለሁ። ትንሿን ጽጌሬዳን በእኔ ስም ሳምልኝ። አየለች ጉልበትህን ትስማለች፤ አያ አድማሴም እግዜር ያጥናህ ይልሃል።

ታናሽ ወንድምህ ዋኘው
ጎንደር፣ የካቲት ፮ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.